የአውቶቡሱ መዞሪያ

አውቶቡሱ ደብረ ማርቆስ ሲደርስ ግንባሩ ላይ «መርካቶ» የሚል ጽሑፍ ነበረበት። አዲስ አበባ ጉልበቱን ጨርሶ፣ ቀለም ተቀብቶ ወደ እኛ የተላከ የከተማ አውቶቡስ ነው። የቀባው ሰው ጽሑፉን ይርሳው ይናቀው አላውቅም። በመጀመሪያው ሳምንት አንዲት እናት ዘንቢላቸውን እንዳንጠለጠሉ በሩ ላይ ቆሙና ግንባሩን ሰው አስነብበው «እኔ እቴ ሆስፒታል ነው የምሄድ፤ መርካቶ ምን ላደርግ እሄዳለሁ?» ብለው ጥለውን ሄዱ። ትኬት ቆራጯ እኔ ነበርኩ፤ ሮጬ ደርሼ ክንዳቸውን ይዤ መለስኳቸው። ሥራዬን የጀመርኩት እንደዚያ ሰው እየለመንኩ ነው። ኋላ የደረሰብኝን ሳስብ፣ ያን ሁሉ ሰው «ግቡ፣ እመኑኝ፣ የእኛው ነው» እያልኩ ያስገባሁት እኔ መሆኔ ከሁሉም በላይ ያንገበግበኛል።

ስም አልጠራም። ብጠራ የሚወጣልኝ መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ቤት ውስጥ ብቻዬን ሆኜ ጮክ ብዬ ጠርቼው አይቻለሁ፤ አልወጣልኝም።

ሾፌሩ ከአውቶቡሱ ጋር አብሮ የመጣ የአዲስ አበባ ሰው ነው። ያኔ «ጋሼ» እና «እርስዎ» ነበር የምለው። አሁን «እሱ» እያልኩ ስጽፍ እጄ ትንሽ ያመነታል፤ ግድ የለም፣ ይልመድ። ያን አውቶቡስ የሚያውቀውን ያህል ልጆቹን የሚያውቅ አይመስለኝም። ወጣት ሳለ የነዳው የፊተኛው ዓይነት ሞተሩ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጦ ክረምት ከበጋ እግር የሚጠብስ፣ ማርሹ በትግል የሚገባ፣ ደረጃው ከፍ ያለ ነበር አለኝ። ሴቶቹ በአንድ እጃቸው ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ በሌላው ብረቱን ጨብጠው፣ ከኋላ ሰው እየገፋቸው ነበር የሚወጡት። ከዚያ የእኛው ዓይነት መጣ። ተፈታትቶ በመርከብ ገብቶ እዚሁ አገር ተገጣጠመ። ሞተሩ ወደ ኋላ ሄደ፣ ወለሉ ዝቅ አለ፣ ክላች የሚባል ነገር ቀረ፣ ሦስት ሰፋፊ በሮች በአየር መከፈትና መዘጋት ጀመሩ። በሩ «ጢስስ» ብሎ ሲተነፍስ የአዲስ አበባ ሰው እየደነገጠ ወደ ኋላ ይሸሽ እንደነበር ሲያወራ እንባው እስኪፈስ ይስቃል። እኔም አብሬው እስቅ ነበር።

ወንበሩ ጥቂት ነው፤ መሃሉ ሰፊ ሜዳ ነው። ከጣሪያው ላይ ለቋሚ ሰው መያዣ ተንጠልጥሏል። «ይሄ የተሠራው ለቋሚ ነው» ይለኝ ነበር። «ሰው በዛ አነሰ የምትይው መሃሉን አይተሽ ነው። ወንበሩ ምንም አይነግርሽም።» ይህን የነገረኝ እሱ ራሱ ነው። በኋላ ባለ ሁለት ፎቁና ሁለት አካል ያለው ተቀጣጣዩ አውቶቡስ አዲስ አበባ ገቡና የእኛው ዓይነት አረጀ ተባለ። ከፊሉ ተቆራርጦ ብረት ሆነ፣ ከፊሉ ወደ ክፍለ ሀገር ተላከ። ለእኛ የደረሰን አንዱ ነው።

የእኔ ቦታ ከኋላው በር አጠገብ ስለሆነ ሞተሩ ከጀርባዬ ነው የሚጮኸው። ሲግል ድምፁ እንዴት እንደሚሻክር፣ የመካከለኛው በር አየር ሲያፈስ እንዴት እንደሚያፏጭ አስተማረኝ። ብረቱን በሳንቲም ሁለት ጊዜ ስመታ ይነሳል፤ አንድ ጊዜ ስመታ ይቆማል። ዳገቱ ላይ ስንደርስ በመስታወቱ ያየኛል፤ ድምፁ ደህና ከሆነ ራሴን እነቀንቅለታለሁ። እንደዚህ ከአንድ ሰው ጋር ከጠዋት እስከ ማታ ከሠራችሁ በኋላ አለማመን የሚባለው ነገር ከየት ይመጣል? እኔ አልመጣልኝም።

አዲስ አበቤው ሾፌር ያላሰበው ነገር የእኛን ሰው ጠባይ ነው። አንድ ቄስ ወይም ሽማግሌ በኋላው በር ብቅ ሲሉ የተቀመጠው ሁሉ «ኖር!» ብሎ ብድግ ይላል። እሳቸው «በእግዜር! በእግዜር! ተቀመጡ!» ይላሉ። ማን ይቀመጣል? እሳቸው ደግሞ ፊት ለፊት ከእሳቸው የሚበልጡ መነኩሴ ቆመው ያያሉ፤ «እርስዎ ይቀመጡ እንጂ»፣ «ኧረ በሞቴ፣ እርስዎ!» ይጀመራል። በየፌርማታው አንድ አንድ ትልቅ ሰው ይጨመራል። ሆስፒታሉ ጋ ስንደርስ ወንበሩ ባዶውን፣ መሃሉ እስከ በሩ ጢም ብሎ እናገኘዋለን። ሾፌሩ መጀመሪያ ተናደደ፤ ቆይቶ ግን ለመደውና በመስታወቱ እያየ «ዛሬም ቅዳሴ ገባን?» ይለኝ ነበር። እውነቱን ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንደሚቆመው ነበር የሚቆሙት።

የአውቶቡሱ መጨረሻ ዩኒቨርሲቲው ነበር። የእኛ መንደር ከዚያ አልፎ፣ በደምበጫ መንገድ ወጣ ብሎ፣ ወደ ውስጥ በጠጠር መንገድ የሚገባ ነው። አባቴ እዚያ ይኖራሉ። ዲማ ቅኔ ተምረው፣ ደብረ ወርቅ አካባቢ ዕድሜያቸውን ሲያስተምሩ ኖረው፣ ጉልበታቸው ሲከዳቸው ወደ ትውልድ መንደራቸው የተመለሱ መምህር ናቸው። ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ከተማሪዎቹ ጋር ተቀላቅዬ ስላደግሁ አባቴ ብዬ አላውቅም፣ የኔታ ነው የምላቸው። የጉልበታቸው ነገር በየወሩ ሆስፒታል ይወስዳቸዋል። ፈረስ መውጣት አይችሉም። ባጃጅ ውስጥ ተጣጥፈው ከገቡ በኋላ ሲወርዱ ሁለት ሰው ደግፎ ነው የሚዘረጋቸው። የእኛ አውቶቡስ ግን ወለሉ ዝቅ ያለ ነው፤ ከመንገዱ ዳር አንድ እርምጃ ከፍ ማለት ብቻ ነው። መንደራችን ቢገባ የኔታ ማንንም ሳይለምኑ ይሄዱ ነበር። በቃ፣ ይህ ሐሳብ አንዴ ከገባብኝ በኋላ እንቅልፍ ነሳኝ።

ለሾፌሩ ነገርኩት። ሳቀብኝ። «ርዝመቱን አይተሽዋል? ገብቼስ በምን ልዙር? ያን ሁሉ መንገድ በኋላ ማርሽ ልመለስ?» አለኝ። ደጋግሜ ስነዘንዘው ግን «የመዞሪያ ቦታ ፈልጊ፤ ድርጅቱን እኔ አሳምናለሁ» አለ። ከመንገዱ ዳር ያለው ሜዳማ መሬት አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የየኔታ ባሕር ዛፍ ያለበት። እኔ ሳልወለድ የተተከለ ነው። የኔታ «ጧሪዬ» ይሉታል። ሲቸግራቸው ሁለት ሦስት ግንድ ያስቆርጣሉ፤ ጉቶው ደግሞ መልሶ ያቆጠቁጣል። ለመዞሪያ ከሆነ ግን ጉቶው ከነሥሩ መነቀል አለበት፤ ያ ማለት ዳግመኛ አይበቅልም ማለት ነው።

ሾፌሩ አንድ እሑድ መጣ። ቦታውን ከጥግ እስከ ጥግ በእርምጃው ለካው፣ እንጨት ተከለ፣ «ይበቃል» አለ። ከዚያ ቤት ገብተን ምሳ በላን። የኔታ እጃቸውን ከታጠቡ በኋላ ቀና ብለው አዩት።

«ልጄ፣ ይህ ዛፍ ከነሥሩ ከወጣ ወጣ ነው። አውቶቡሱ ይመጣል?»

«እኔ መሪው ላይ እስካለሁ ይመጣል፣ የኔታ። እግዜር ምስክሬ ነው።»

የኔታ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«ይመጣል፣ የኔታ» አልኩ። ለማሰብ እንኳን ጊዜ አልወሰደብኝም።

መንደሩ በደቦ ወጣ። ዛፉ ተቆርጦ ለቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሆነ፤ ጉቶውን ለመንቀል ግን ሁለት ሳምንት ፈጀ። ወንዶቹ ሥሩን እየቆፈሩ፣ ሴቶቹ ድንጋይ እያመላለሱ ጉድጓዱን ሞሉ፣ ጠጠር ደለደሉ። የኔታ በርጩማቸውን ወደ ቤቱ ግድግዳ አዙረው ጀርባቸውን ለዛፉ ሰጥተው መጽሐፋቸውን ያነቡ ነበር። አንድ ግንድ ሲወድቅ ብቻ ገጹን ሳይገልጡ ትንሽ ይቆያሉ።

አውቶቡሱ የገባ ዕለት እልልታው ከሩቅ ይሰማ ነበር። ሾፌሩ አንዴም ሳያቆም፣ አንዴም ወደ ኋላ ሳይል ጥርት አድርጎ ዞረ። በሩ ሲከፈት የኔታ በትራቸውን ይዘው መጡ፣ አንድ እግራቸውን አነሱ፣ ገቡ። ማንም አልደገፋቸውም። እንደተለመደው አውቶቡሱ ሙሉ «ኖር!» ብሎ ተነሳ፤ እሳቸው ሊቆሙ ቢሉም በግድ አስቀመጧቸው። ከኋላ ሆኜ ሳያቸው አለቀስኩ። ሾፌሩም በመስታወቱ አየኝና ዓይኑን ጠረገ። ያን ዕለት እያስመሰለ ነበር ብዬ አላምንም፤ እንዲያ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

ሁለት ክረምት እንዲህ ሄደ። ጭቃ ሲሆን ይንሸራተታል፣ ወለሉ ዝቅ ያለ ስለሆነ ጎርፍ የቆፈረው ላይ ሆዱ ይፋቃል፣ አንዳንዴ ሞተሩ ግሎ ውሃ ልመና በየቤቱ እንዞራለን። ግን ይመጣል። ሰው ሰዓቱን በእሱ መቁጠር ጀምሮ ነበር።

ከዚያ ድርጅቱ ለመሃል ከተማው አዳዲስ አውቶቡሶች ሊያስገባ ነው ተባለ። መስመሮቹንም የሚያጠና ሰው ከአዲስ አበባ እንደሚመጣ ሾፌሩ ነገረኝ። «ነገ ጠዋት በእኛ መስመር ይሳፈራል። ለሰዉ ንገሪ፣ በክብር ይቀበሉት» አለኝ። እኔ ሞኟ አዋጅ ነጋሪ ሆንኩ። በየፌርማታው፣ በየበሩ «ነገ የመስመራችን ነገር የሚታይበት ቀን ነው፤ ኑ፣ አብራችሁን ተሳፈሩ» እያልኩ ዋልኩ። በማግስቱ ማልጄ ወንበሮቹን አንድ በአንድ በሳሙና አጠብኩ።

እንግዳው ለጋ ወጣት ነው፤ ቦርሳ አንግቶ፣ ስልኩን በእጁ ይዞ ዩኒቨርሲቲው ጋ ተሳፈረ። ሰዉ ነጭ በነጭ ለብሶ ወጥቶ ነበር። ሦስት ቄሶች ነበሩ፣ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ነበሩ፣ የኔታም ከሆስፒታል ሲመለሱ እኛው ላይ ነበሩ። ልጁ ሲገባ አውቶቡሱ ሙሉ «ኖር!» ብሎ ተነሳ፤ የኔታ እንኳ በትራቸውን ተደግፈው ተነሱ። «አመሰግናለሁ» አለና የፊተኛው ወንበር ላይ ቁጭ አለ። ሌላ ሰው አልተቀመጠም። እንግዳ ነው፣ ፊቱ ላይ እንዳይቆሙበት ብለው ሁሉም ወደ ኋላ፣ ወደ እኔ ተጠጋጉ። መተንፈሻ እስካጣ ድረስ ከበቡኝ። በሰዎቹ ትከሻ መሃል ሳይ ልጁ ስልኩን አንስቶ ባዶዎቹን ወንበሮች ፎቶ ያነሳል። ንጽሕናቸውን ያደነቀ መስሎኝ ደስ አለኝ። ሾፌሩን በመስታወቱ አየሁት፤ እሱም አየኝ፣ ፈገግ አለ።

ከሰዓት በኋላ መናኸሪያ ቆመን ሳለ ሾፌሩ ወረቀት ይዞ መጣ። «እንግዳው መሳፈሩን የምናረጋግጥበት ነው፤ ከእኔ በታች ፈርሚ» አለኝ። የትኬት ሣጥኔ ላይ አስደግፌ፣ አንድ ተሳፋሪ መልስ እየጠበቀኝ፣ ፈረምኩ። ወረቀቱን አላጠፈውም፤ በእጁ አልሸፈነውም። ፊቴ ላይ ተዘርግቶ ነበር። ማንበብ እችል ነበር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ጠዋት ሥራ ስገባ መስመሩ ዩኒቨርሲቲው ላይ እንዲያበቃ ታዟል ተባልኩ። ሾፌሩን ስጠይቀው «ከበላይ የመጣ ነው፣ ምን ይደረጋል» ብሎ ራሱን ነቀነቀ። አላስቻለኝም፤ ቢሮ ሄድኩ። መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ ፋይሉን አውጥታ ፊቴ ላይ ዘረጋችልኝ። «ከዩኒቨርሲቲው በኋላ ባለው መስመር አብዛኛው መቀመጫ ባዶ ሆኖ መገኘቱን የአውቶቡሱ ሾፌርና ትኬት ቆራጭ ያረጋግጣሉ» ይላል። ከሥሩ የእሱ ፊርማ አለ። ከእሱ ሥር የእኔ። ቀጥሎ ሾፌሩ ባለው ልምድ መሃል ከተማ በሚገባው አዲስ አውቶቡስ ላይ ቢመደብ ይሻላል የሚል ሐሳብ ሰፍሯል። ልጅቷ «ምነው፣ አመመሽ?» አለችኝ።

ሾፌሩን የአዲሱን አውቶቡስ መስታወት ሲወለውል አገኘሁት። ትንሽ፣ ወንበር ብቻ የሞላበት፣ ደረጃው ከፍ ያለ ነው። «ጋሼ» አልኩት፤ ያኔም ጋሼ ነበር የምለው። «ወንበሩ ለምን ባዶ እንደሆነ እኮ ያውቁ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ?»

ጨርቁን አጠፈው። «ወረቀቱ የሚለው ባዶ ነበር ነው። ባዶ አልነበረም?»

መልሴን ሳይጠብቅ ቀጠለ። «ስሚኝ የኔ ልጅ። ያ ሞተር አብቅቶለታል። እኔም ጡረታ ልወጣ ጥቂት ነው የቀረኝ፤ በዚያ ጠጠር ላይ ወገቤ አለቀ። አዲሱን የሚሰጡኝ የድሮው መስመር ካጠረ ብቻ ነው አሉኝ። አንቺም ብትሆኚ አቧራ ስትቅሚ አትኖሪም። ትኬት መሸጫው መስኮት ላይ እንድትቀመጪ ጠይቄልሻለሁ፤ ተፈቅዶልሻል።»

«የኔታን ምን እላቸዋለሁ?»

«እሳቸው የተማሩ ሰው ናቸው፤ ይገባቸዋል» አለ።

በሕይወቴ ሰውን እንደዚያ ጠልቼ አላውቅም። ቢሰድበኝ፣ ቢክድ፣ «አላውቅም» ቢል እመርጥ ነበር። እሱ ግን ሸጦኝ ሲያበቃ ለእኔም የሚያስብ ደግ ሰው ነኝ ብሎ ቆሟል። ይባስ ብሎ የጠየቀልኝን ሥራ ትቼ አልሄድኩም፤ መስኮቱ ላይ ተቀመጥኩ። ዛሬም እዚያው ነኝ። እየመጣ «እንዴት አደርሽ» ይለኛል፤ «እግዚአብሔር ይመስገን» እለዋለሁ።

ለየኔታ አልነገርኳቸውም። «ጥገና ገብቷል» አልኳቸው። በሚቀጥለው እሑድም «ዕቃ ከአዲስ አበባ እየተጠበቀ ነው» አልኳቸው። የሆስፒታል ቀጠሯቸው ቀን ጋቢያቸውን ለብሰው መዞሪያው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው እስከ እኩለ ቀን ጠብቀዋል። ይህን የነገረችኝ አብራቸው የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ናት። «ግቡ ብላቸው፣ ልጄ ትመጣለች አሉኝ» አለችኝ።

በመጨረሻ የመንደሩ ሽማግሌዎች ራሳቸው ቢሮ ድረስ ሄደው አቤት አሉ። ለእነሱም ያችኑ ወረቀት ዘረጉላቸው። በቀጣዩ እሑድ ስሄድ መንገድ ላይ ያገኘኋቸው ሰዎች ሰላምታዬን የመለሱልኝ ወደ መሬት እያዩ ነው። የኔታ ደጃፉ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር፤ መጽሐፋቸው ጭናቸው ላይ ተዘርግቷል። ጉልበታቸውን ስሜ ከእግራቸው ሥር ተቀመጥኩ።

«ፊርማው ያንቺ ነው አሉኝ።»

«የእኔ ነው፣ የኔታ።»

«አንብበሽ ነው የፈረምሽ?»

ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር፤ መልሱንም ሳምንቱን ሙሉ ሳዘጋጅ ነው የከረምኩት። ከበደሉ የሚያወጣኝ ይህ ብቻ መስሎኝ ነበር። «ሳላነብ ነው፣ የኔታ» አልኩ። «እሱን አምኜ ነው የፈረምኩት።»

የሚያቀልልኝ መስሎኝ ቀና ብዬ አየኋቸው። መጽሐፉን ከደኑት።

«አንብበሽ ቢሆን ይሻለኝ ነበር» አሉ። «እኔ ዛፉን ያስነቀልኩ እሱን አምኜ አይደለም።»